ድመት ስታንጎራጉር ምን እያለች ነው?

የእንስሳት ሐኪሞችን ሥራ ከሚያስቸግሩ ነገሮች አንዱ የድመት እንጉርጉሮ ነው። ድመቷ ታማ ትመጣለች። ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣትና ልቧን ለመስማት ማዳመጫውን ደረቷ ላይ ያደርጋል። የሚሰማው ግን ልብ አይደለም። ጉርርር የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ጆሮውን ይሞላዋል። የልቧ ምትም የሳንባዋም ድምፅ እዚያ ውስጥ ይሰጥማል። መላው ቀላል ነው፤ አጠገቡ ያለውን ቧንቧ ይከፍታል። ብዙ ድመቶች ውሃ ሲወርድ ሲሰሙ ዝም ይላሉ። ሐኪሙም በዚያች ፋታ ያዳምጣል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ2014 በጥናት ጭምር ተፈትሾ እንደሚሠራ ታይቷል።

እኔን የያዘኝ ከቧንቧው በፊት ያለው ጥያቄ ነው። ድመቷ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሆና ለምን ታንጎራጉራለች? ክፍሉን አታውቀውም። የውሻ ሽታ አለ። አይታው የማታውቀው ሰው ይዟታል። አሟታልም። ደስ የሚያሰኛት አንድም ነገር የለም። እኛ ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ድመት የምታንጎራጉረው ደስ ሲላት ነው ሲባል ነው።

ይህ ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ መሆኑ ድመቶችን ይጎዳል። ለዚህ ነው ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

ድመቴ አመዴ ትባላለች። ፀጉሯ አመድ ስለሚመስል እማዬ ያወጣችላት ስም ነው። እኛ ቤት የገባችው እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ድመት ለአይጥ ተብላ ነው። ኮንዶሚኒየም ብንኖርም አይጥ ፎቅ አይፈራም። አሁን አይጡ ተረስቷል፤ እሷ ግን የቤቱ ሰው ሆናለች። ማታ ሶፋ ላይ አጠገቤ ትተኛና ትጀምራለች። እጄን ጎኗ ላይ ሳደርግ መዳፌ ሁሉ ይርገበገባል። ይህ ነገር ከየት ነው የሚመጣው ብዬ ማንበብ የጀመርኩት በእሷ ምክንያት ነው።

ልብ ብላችሁ ካዳመጣችሁት ድምፁ አያቋርጥም። ሰው የሚናገረው አየር እያስወጣ ነው። ትንፋሽ ሲስብ ዝም ይላል። ድመትም ሚያው ስትል እንደዚያው ናት። ስታንጎራጉር ግን አየር ስታስገባም ስታስወጣም ድምፁ አለ። በሁለቱ መካከል ለቅጽበት ብቻ ይቆረጣል። አፏ ደግሞ ዝግ ነው። ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከመላ አካሏ የሚወጣ የሚመስለን ለዚህ ነው።

ድምፁ በጣም ወፍራም ነው። በሴኮንድ ከ25 እስከ 30 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የሰው ጆሮ የሚሰማው የመጨረሻው ወፍራም ድምፅ በሴኮንድ 20 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበው ነው። የድመት እንጉርጉሮ እንግዲህ መስማት የምንችለው ነገር ጫፍ ላይ ነው ያለው። እንዲህ ያለ ድምፅ የትልልቅ እንስሳት ነው። ዝሆን ያወጣዋል፤ የዝሆን የድምፅ አውታር ረጅምና ከባድ ስለሆነ በዝግታ ይርገበገባል። የድመት ማንቁርት ግን ትንሽዬ ነው። አራት አምስት ኪሎ የምትመዝን ፍጥረት የዝሆንን ድምፅ ከየት አመጣችው?

ለረጅም ጊዜ የተሰጠው መልስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ሬመርስ እና ጎቲዬ የተባሉ ተመራማሪዎች በሚያንጎራጉሩ ድመቶች ማንቁርትና መተንፈሻ ጡንቻዎች ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ለኩ። ጡንቻዎቹ ከ30 እስከ 40 በሚደርስ ሚሊሴኮንድ ልዩነት ሲኮማተሩና ሲላሉ አዩ። ስለዚህ ትእዛዙ ከአንጎል ነው ተባለ። አንጎል በሴኮንድ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ክፈት ዝጋ ይላል፤ ማንቁርቱ ይታዘዛል፤ አየሩ ይቆራረጣል፤ ድምፅ ይሆናል። ይህ ማብራሪያ ሃምሳ ዓመት ያህል ብዙም ተከራካሪ ሳይኖረው ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ2023 የቪየና ዩኒቨርሲቲው ክርስቲያን ኸርብስትና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር አሳዩ። ኸርብስት ቀደም ሲል፣ በ2012፣ ከሞተ ዝሆን በተወሰደ ማንቁርት ውስጥ አየር አሳልፎ የዝሆንን ወፍራም ድምፅ ያስወጣ ሰው ነው። አሁን ተራው የድመት ሆነ። በማይድን በሽታ ምክንያት በሐኪም እጅ እንዲያርፉ የተደረጉ ስምንት ድመቶች ነበሩ። ባለቤቶቻቸው ፈቀዱ። ተመራማሪዎቹ ማንቁርታቸውን ወስደው ሞቅ ያለ እርጥብ አየር አሳለፉበት። እዚያ አንጎል የለም። ነርቭ የለም። የሚኮማተር ጡንቻም የለም። ድምፁ ግን መጣ። ከስምንቱም መጣ፤ በሴኮንድ ከ25 እስከ 30 በሚርገበገበው በዚያው ልክ።

ምስጢሩ የተገኘው የድምፅ አውታሮቹ ውስጥ ነው። በአውታሮቹ ውስጥ የተቀበረ ወፈር ያለ የሥጋ ትራስ አለ። ክብደት ይጨምርላቸዋል። የክራርን ወፍራም አውታር ከቀጭኑ ጋር ብታስተያዩት ነገሩ ይገባችኋል፤ ርዝመታቸው አንድ ሆኖ ወፍራሙ ቀስ ብሎ ይርገበገባል፣ ድምፁም ይወፍራል። የድመት አካል ትንሽ ሆኖ ድምፁ ትልቅ የሆነው በዚህ ነው።

ይህ ማለት በ1972 የተለካው ውሸት ነው ማለት አይደለም። በሕይወት ያለች ድመት ጡንቻዎቿ ይሠራሉ፤ ተለክቷል። ድምፁ ግን ያለ እነሱም ሊወጣ ይችላል። መጀመር፣ መቆም፣ ከፍና ዝቅ ማለት የድመቷ ድርሻ ሊሆን ይችላል፤ መርገብገቡን ግን ማንቁርቱ ራሱ ያውቅበታል። እኔ ይህን ሳነብ ከሁሉ በላይ ያሰብኩት ስለ ስምንቱ ድመቶች ባለቤቶች ነው። ያንን ድምፅ ለዓመታት እቅፋቸው ውስጥ የሰሙት እነሱ ናቸው። በሐዘናቸው ሰዓት እሺ ባይሉ ኖሮ ይህን አናውቅም ነበር።

በነገራችን ላይ ሁሉም የድመት ዘመድ አያንጎራጉርም። አንበሳና ነብር ያገሳሉ እንጂ እንደ ቤት ድመት አያንጎራጉሩም። አቦሸማኔ ግን ታንጎራጉራለች፤ ድምፅዋም ከቤት ድመት ጋር በጣም ይቀራረባል። አነርም እንዲሁ። ከድመት ቤተሰብ ውጭ ደግሞ ይህ ድምፅ የተመዘገበው በሸለምጥማጥ ዘመዶች ላይ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ሸለምጥማጥን የሚያውቃት በዶሮ ሌብነቷ ነው። እሷም ልጆቿ ዘንድ የዋህ ድምፅ አላት ማለት ነው።

ድምፁ እንዴት እንደሚወጣ ይህን ያህል ታውቋል። ለምን የሚለውን ግን እኔ ከጥናት በፊት ከአመዴ ነው ያየሁት።

አመዴ የወለደችው አንድ ሌሊት ላይ ነው። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ አሮጌ ነጠላ አንጥፈንላት ነበር። ምጧ ሲመጣ ሆዷ ይጠነክራል፣ ዓይኗ ይጠባል፣ ትንፋሿ ይፈጥናል። በመሃል በመሃሉ ታንጎራጉራለች። ኃይለኛ ነው፤ ከካርቶኑ ውጭ ይሰማል።

«እማዬ፣ ደስ ብሏት ነው እንዴ?» አልኩ።

«ምጥ ምን ደስታ አለው? ራሷን እያባበለች ነው እንጂ» አለችኝ። እማዬ ስለ ድመት አንድም ጥናት አላነበበችም። ሦስት ልጅ ግን ወልዳለች።

ግልገሎቹ ሲወጡ ድምፁ አልቆመም። እንደውም ጨመረ። የድመት ግልገል ሲወለድ ዓይኑ ዝግ ነው። ጆሮውም ገና አይሰማም። የሚያውቀው ሙቀት፣ ሽታና ንክኪ ብቻ ነው። እናትየው ስታንጎራጉር ግን ሰውነቷ ይርገበገባል። ግልገሉ ባይሰማም ይነዝረዋል። በዚያ ንዝረት እየተመራ ወደ ጡቷ ይሳባል። ጥቂት ቀን ሲሆነው ደግሞ እሱም ይጀምራል። አመዴ ተጋድማ ስታጠባ ግልገሎቹ አፋቸው ሞልቶ እየጠቡ ያንጎራጉሩ ነበር። ጡት የጎረሰ አፍ መጮኽ አይችልም። ማንጎራጎር ግን ይችላል። እናት ራሷን ቀና ሳታደርግ ልጆቿ አጠገቧ እንዳሉና እየጠቡ እንደሆነ ታውቃለች።

ድምፁ ዝቅ ያለ መሆኑም ጥቅም አለው። ሩቅ አይሄድም። ግልገል ጮክ ብሎ ቢያለቅስ ውሻም ጭልፊትም ይሰማል። እንጉርጉሮ ግን አጠገብ ላለ ብቻ ነው። እኔ የድመትን እንጉርጉሮ የተረዳሁት በዚህ በኩል ነው። መሠረቱ የእናትና የልጅ ነገር ነው። «እዚህ ነኝ፣ አትራቂኝ» ነው። ግልገሉ አድጎም አይተወውም። ሲመቸው «አትራቂኝ» ይላል። ሲያመውም «አትራቂኝ» ይላል። ድምፁ አንድ ዓይነት የሆነው ጥያቄው አንድ ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ድመት ግራ የምታጋባን ድምፁን የደስታ ምስክር ወረቀት ስላደረግነው ነው።

ሰው ላይ ደግሞ ድመቶች አንድ ነገር ጨምረውበታል። እማዬ ሥጋ ስትከትፍ አመዴ እግሯ ሥር ትዞራለች። ታንጎራጉራለች፤ ግን የሶፋው ዓይነት አይደለም። ውስጡ ቀጭን፣ የሚያሳዝን ነገር አለበት። ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በእንግሊዝ አገር በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ካረን ማኮምም የራሷ ድመት ጠዋት ጠዋት በእንዲህ ዓይነት ድምፅ ትቀሰቅሳት ነበር። ነገሩን አጥንታ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተመች። ድመቶቹ እንግዳ ሰው ፊት እሺ ስለማይሉ ባለቤቶቹ ራሳቸው ቤታቸው ቀረጹ። ከዚያ 50 ሰዎች እንዲሰሙት ተደረገ። ድመት ኖሯቸው የማያውቁት ጭምር የምግብ ጊዜውን እንጉርጉሮ የሚያጣድፍና ብዙም ደስ የማይል ነው አሉ።

ድምፁ ሲመረመር በወፍራሙ ጉርርር ውስጥ ቀጭን ጩኸት ተደብቆ ተገኘ። በሴኮንድ ከ220 እስከ 520 ጊዜ የሚርገበገብ ነው፤ ከሕፃን ልጅ ለቅሶ ጋር ይቀራረባል። ያንን ቀጭን ድምፅ ከቅጂው ላይ ሲያወጡት ሰሚዎቹ ጥድፊያው ቀነሰ አሉ። ድመት ለቅሶዋን እንጉርጉሮዋ ውስጥ አስገብታ ልባችን ላይ ትጥለዋለች ማለት ነው። እኛ ቤት በሁዳዴ ሥጋ አይገባም። ለአመዴ ግን እማዬ ጉበት ታስገዛለች። ድመት ያለ ሥጋ መኖር አትችልምና ልክ ናት፤ ጾሙ የሰው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

አመዴ አንድ ቀን ከበረንዳችን ወደቀች። ሦስተኛ ፎቅ ነን። ወፍ ዓይታ ይሁን ደንግጣ አላየንም። ሮጠን ስንወርድ የቆመ መኪና ሥር ገብታለች። ጎንበስ ስል ድምፁ ይሰማኛል፤ ታንጎራጉራለች። ግቢው ውስጥ የነበረ ልጅ «ምንም አልሆነችም፣ ይኸው እያንጎራጎረች አይደል?» አለ። ሌላው ደግሞ «ድመት ዘጠኝ ነፍስ አላት፣ ተዋት» አለ። ሁለቱም ሊያጽናኑን ነው። የኋላ እግሯን ግን እየጎተተች ነበር።

ሐኪም ቤት ራጅ ተነሣች። ዳሌዋ ላይ ስንጥቅ አለ። ሐኪሙ ሲነካካትም ድምፁ አልቆመም። «እሱን ይተዉት፤ ጆሮዋንና ዓይኗን ይዩ» አለኝ። ጆሮዎቿ ወደ ጎን ተኝተዋል። ዓይኖቿ ጠበዋል። ራሷን ዝቅ አድርጋለች። እሱ እስኪያሳየኝ ድረስ ሦስቱን አንድ ላይ አያይዤ ዓይቼ አላውቅም ነበር።

ከፎቅ የሚወድቁ ድመቶች ነገር በደንብ የተጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የኒውዮርክ ሐኪሞች ከፎቅ ወድቀው ወደ እንስሳት ሕክምና ማዕከላቸው ስለመጡ 132 ድመቶች ጻፉ። በአማካይ የወደቁት ከአምስተኛ ፎቅ በላይ ነው። ከታከሙት ውስጥ 90 በመቶው ተረፉ። ይህ ቁጥር የዘጠኝ ነፍሱን ተረት የሚያጠናክር ይመስላል። ነገር ግን ወድቃ የሞተችን ድመት ሐኪም ቤት የሚወስድ የለም። የተቆጠሩት በሕይወት የደረሱት ናቸው፤ የተረፉትም የታከሙት ናቸው። ይህን ስጽፍ በረንዳ ያላችሁን ሰዎች እያሰብኩ ነው። መረብ አስሩ። ብዙ ወጪ የለውም።

አመዴ ለሳምንታት ጠባብ ቦታ ተከልላ እንድትተኛ ታዘዘላት። ተኝታም ታንጎራጉር ነበር፤ ቀንም ሌሊትም። በዚያን ጊዜ ነው ስለ አጥንቱ ያነበብኩት። ምናልባት እናንተም ሰምታችኋል፦ የድመት እንጉርጉሮ አጥንት ይጠግናል ይባላል።

ሐሳቡ ከባዶ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ክሊንተን ሩቢን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በጎችን በሚንቀጠቀጥ ሰሌዳ ላይ ያቆሙ ነበር። በቀን 20 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአንድ ዓመት። ሰሌዳው በሴኮንድ 30 ጊዜ በጣም በቀስታ ይርገበገባል። በዓመቱ መጨረሻ የበጎቹ የጭን አጥንት ውስጠኛው ክፍል እፍጋቱ በ34 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። በዚያው ዓመት ኤልዛቤት ቮን ሙገንታለር የተባለች ተመራማሪ የቤት ድመቶችን፣ የአነርን፣ የአቦሸማኔንና የሌሎችንም እንጉርጉሮ ቀርጻ ንዝረቱ አጥንት ከሚያጠነክረው ልክ ጋር ይገጥማል አለች። ድመት ቀኑን ሙሉ ተኝታ ትውላለች። ያለ እንቅስቃሴ አጥንት ይሳሳል። ታዲያ ተኝታ እያንጎራጎረች አጥንቷን ትጠብቅ ይሆን?

ደስ የሚል ሐሳብ ነው። እውነት እንዲሆንም እመኛለሁ። ግን ሐሳብ ነው። በጎቹ ሰሌዳው ላይ ቆመው ነበር፤ ንዝረቱ ከነክብደታቸው በአጥንታቸው ያልፋል። የተኛች ድመት ማንቁርት የሚልከው ንዝረት ዳሌዋ ድረስ ምን ያህል ኃይል ይዞ እንደሚደርስ ሌላ ጉዳይ ነው። እንጉርጉሮ የተሰበረ አጥንት እንደጠገነ በሙከራ ያሳየ የለም። ኢንተርኔት ላይ ግን ነገሩ እንዳለቀ ተደርጎ ይወራል። የተሰበረ እግርህ ላይ ድመት አስተኛ የሚሉም አሉ። ይህ አይዋጥልኝም። አመዴን ያዳናት ራጁ፣ ማስታገሻው፣ ዕረፍቱና እማዬ በየሰዓቱ የምታገላብጥላት ጨርቅ ነው። እንጉርጉሮው ከረዳት የረዳት እማዬ እንደገመተችው ይመስለኛል፤ ራሷን አባበለችበት። እኛንም አጠገቧ አቆየን። ያልቀረበ ሰው ደግሞ አያስታምምም።

ለሰውስ? የሚረዳ ነገር አለ፤ ግን እዚህም ከሚወራው በልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ 249 ተማሪዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተደርጎ ነበር። ድመትና ውሻ ለ10 ደቂቃ የዳሰሱት ተማሪዎች ምራቃቸው ውስጥ የነበረው ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ቀንሶ ታየ። በ2009 ደግሞ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የ4,435 አሜሪካውያንን መረጃ መርምረው ድመት የነበራቸው ሰዎች በድንገተኛ የልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከሲሶ በላይ ዝቅ ያለ ነው አሉ። ይህ ሁለተኛው ትልቅ ቁጥር ስለሆነ በየቦታው ይጠቀሳል። ድመት ስላላቸው ነው ወይስ ድመት የሚያሳድግ ሰው መጀመሪያውንም የተረጋጋ ኑሮ ስላለው? ከእንዲህ ዓይነት መረጃ ይህን መለየት አይቻልም። ሁለቱም ጥናቶች ደግሞ እንጉርጉሮን ራሱን አልለኩም።

እኔ ስለ ራሴ መናገር እችላለሁ። ሥራ ውሎ አእምሮዬ አልተኛም ሲል፣ ስልኩን አስቀምጬ እጄን ጎኗ ላይ ሳሳርፍ ትንፋሼ ይረዝማል። ብነሣ ድምፁ ይቆማልና አልነሣም። ስለዚህ እቀመጣለሁ። እንጉርጉሮው ለእኔ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው፤ አንድ ቦታ ያስቀምጠኛል። ከዚህ በላይ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ መቁጠር አያስፈልገኝም።

አንድ ጥቅም ያለው ነገር ግን ሁላችሁም እንድትይዙት እፈልጋለሁ። የካናዳው ሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 የድመትን ሕመም ከፊቷ የሚነበብበት መለኪያ አወጡ። የሚታዩት አምስት ነገሮች ናቸው። ጆሮዎቿ ወደ ፊት ቆመዋል ወይስ ወደ ጎን ተዘርግተዋል? ዓይኖቿ ተከፍተዋል ወይስ ጠበዋል? አፍና አፍንጫዋ አካባቢ ዘና ብሏል ወይስ ተወጥሯል? ጢሟ ለስለስ ብሎ ወደ ታች ወርዷል ወይስ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ወጥቷል? ራሷ ከትከሻዋ በላይ ነው ወይስ በታች? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል። ከ10 ውስጥ 4 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ማስታገሻ ያስፈልጋታል። ከአምስቱ ውስጥ እንጉርጉሮ የለበትም። ልብ በሉ፤ ሐኪሞቹ አላስገቡትም።

ከፊቷ ሌላ ሳህኗን እዩ። ምግብ ትታ ሁለት ቀን ያለፋት ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ ሊጎዳ ይችላል። ወንድ ድመት ለመሽናት ተቀምጦ የማይወጣለት ከሆነ ቀን አትቁጠሩ፤ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ይሞታል። ድመቷን አሟታል ብላችሁ ደግሞ የሰው ማስታገሻ አትስጧት። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። አንዲት ፍሬ ልትገድል ትችላለች። ይህን የምለው ከደግነት ብዛት የሚሰጡ ሰዎች ስላሉ ነው።

የአመዴን ግልገሎች ለዘመድና ለጎረቤት ነው ያደልናቸው። አሁን ሰዎቹ ይደውሉልኛል። በቀደም አክስቴ ደወለች። «ይቺ ልጅ ከትናንት ጀምሮ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣ አለች። ግን ስዳስሳት ታንጎራጉራለች። ደህና ናት መሰለኝ» አለችኝ።

«በልታለች?»

«አይ፣ ወተቱንም አልነካችው።»

«ጆሮዋስ?»

«ጆሮዋ ምን ሆነ?»

«ሄደሽ እይልኝ።»

ስልኩን ይዛ ሄደች። «ጎንና ጎን ብሏል፣ እንደ አውሮፕላን» አለችኝ።

«በይ አክስቴ፣ ዛሬውኑ ውሰጃት» አልኳት። ወሰደቻት። ሌላ ድመት ነክሷት ጅራቷ ሥር መግል ይዞ ነበር። ተከፍቶ ታጠበላት፣ መርፌ ተወጋች፣ መድኃኒት ይዛ ወጣች። አክስቴ አሁን ከእንጉርጉሮው በፊት ጆሮዋን ነው የምታየው።